ሌሊት ሌሊት ዌብሳይታችሁን የሚዞር ዘበኛ፦ የተደራሽነት መፈተሻ ክራውለር ከባዶ እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ዓመት ለአንድ የሥልጠና ተቋም የመመዝገቢያ ዌብሳይት ሠርቼ ነበር። ሳስረክብ ደረቴን ነፍቼ ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ሊመዘገብ ገባና ደወለልኝ። «ስማ፣ ይኼ ያንተ ፎርም ‹ኤዲት፣ ኤዲት፣ ኤዲት፣ በተን› ብቻ ነው የሚለኝ። ስሜን የቱ ጋ ነው የምጽፈው?»

ነገሩ ቀላል ነበር። ከእያንዳንዱ ሳጥን ጎን «ሙሉ ስም»፣ «ስልክ ቁጥር» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ግን ጽሑፉና ሳጥኑ በኮዱ ውስጥ አልተያያዙም። የሚያይ ሰው ጎን ለጎን ስለሆኑ ይገባዋል። ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ግን ካልነገሩት አያውቅም። ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ ፈጀ። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህንን ስህተት ማሽን ራሱ ሊያገኘው ይችል ነበር፣ እኔ አላስፈተሽኩትም እንጂ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ዌብሳይት ሁሉ ላይ ሌሊት ሌሊት ገጹን አንድ በአንድ እየዞረ የሚፈትሽ ክራውለር እተክላለሁ። እንዴት እንደሆነ እነሆ። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ሌላ ካላልኳችሁ በቀር በትንንሹ አስገቧቸው።

መጀመሪያ፣ ከማሽኑ ምን እንጠብቅ?

ዓለም የዌብሳይትን ተደራሽነት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛም ሊጠቀምበት መቻሉን፣ የሚለካበት መስፈርት ዊካግ ይባላል። የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የሚባለው የዌብ መስፈርቶች ድርጅት ነው። 2.0 የወጣው በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ። አብዛኛው ሰው የሚያነጣጥረው ደብል ኤ ላይ ነው፣ እኛም እዚያው ነን።

ዌብኤይም የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በየዓመቱ የ1 ሚሊዮን ዌብሳይቶችን የመጀመሪያ ገጽ በማሽን ይፈትሻል። በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ላይ 94.8 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስህተት ተገኝቶባቸዋል። ደስ የሚለው ግን ከተገኘው ስህተት 96 በመቶው ከስድስት ዓይነት አይወጣም፦ የፈዘዘ ጽሑፍ፣ መግለጫ የሌለው ምስል፣ ስም የሌለው የፎርም ሳጥን፣ ባዶ ሊንክ፣ ባዶ በተን፣ እና ቋንቋው ያልተነገረ ገጽ። ስድስቱንም ክራውለር ይይዛቸዋል።

ሁሉን ነገር ግን አይዝም። የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ሆን ብሎ ከ140 በላይ እንቅፋቶች የሞሉበት ገጽ ሠርቶ መፈተሻ መሣሪያዎችን አወዳድሮ ነበር። ምርጡ መሣሪያ እንኳ ግማሹን አላገኘም። ስለዚህ «ክራውለሩ አሳለፈኝ» ማለት «ዌብሳይቴ ተደራሽ ነው» ማለት አይደለም። አማርኛ ገጽ ላይ ደግሞ የሚያልፈው ነገር የባሰ ነው፣ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ ሕግ ለሚጠይቁኝ ባጭሩ፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፣ የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ኢንተርኔትንም በስም ይጠራል። ለአውሮፓ ደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በቃ፣ ወደ ሥራው።

አንድ፦ መሣሪያውን መጫን

የምንጠቀመው ፓሊ ሲአይ የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ስሙ ሲጻፍ ፒ፣ ኤ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ቁጥር 1፣ ከዚያ ዋይ ነው፤ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ሲ፣ አይ። እነዚያን አንዶች ኤል መስሏቸው አንድ ሰዓት የተጨቃጨቁ ሰዎች አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።

መሣሪያው የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ኖድ ጄኤስን፣ ከራሱ ዌብሳይት አውርዱ። ኤልቲኤስ የሚለውን (ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን ቅጂ) ምረጡ። ከተጫነ በኋላ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ «ኖድ ሰረዝ ቪ» በሉ፤ ቁጥር ከመለሰ ሆኗል። ከዚያ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ፣ ውስጡ ግቡ፣ «ኤንፒኤም ኢኒት ሰረዝ ዋይ» በሉ፣ ቀጥሎ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ብላችሁ የመሣሪያውን ስም ጻፉ።

እዚህ ጋ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መሣሪያው ገጾቹን የሚከፍተው በእውነተኛ ክሮም ስለሆነ የራሱን ክሮም አብሮ ያወርዳል። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ ከሆናችሁ ወይም ኔትወርኩ ግማሽ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ያናድዳል። መውጫ አለው፦ ከመጫናችሁ በፊት «ፓፔቲር ስኪፕ ዳውንሎድ» የሚለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡትን የኮምፒውተሩን ቅንብር) ትሩ አድርጉት፤ ስሙ በትልልቅ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል የታች ሰረዝ እየገባ ነው የሚጻፈው። ያን ጊዜ ማውረዱን ይተወዋል። በኋላ ማስተካከያ ፋይሉ ላይ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ክሮም የት እንደተቀመጠ ትነግሩታላችሁ።

ሁለት፦ አንድ ገጽ ብቻ

ሙሉ ዌብሳይቱን ለመልቀቅ አትቸኩሉ። «ኤንፒኤክስ» ብላችሁ የመሣሪያውን ስም፣ ከዚያ የአንድ ገጽ ሙሉ አድራሻ ጻፉ። ፎርም ያለበት ገጽ ምረጡ፣ ስህተት የሚበዛው እዚያ ነው።

የሚመጣው መልስ ለእያንዳንዱ ስህተት ሦስት ነገር አለው። መጀመሪያ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ ገጹ ላይ የቱ ጋ እንዳለ፣ በመጨረሻ የኮዱ ቁራጭ። የእኔ የመጀመሪያ ሪፖርት ላይ ስለ ቀለም የመጣው ስህተት ለምሳሌ ጽሑፉ ከጀርባው ጋር ያለው የንጽጽር መጠን 2.85 ለ 1 እንደሆነ፣ መሆን ያለበት ደግሞ ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንደሆነ ይላል። ነጭ ላይ 999 የሚባለውን ግራጫ ተጠቅሜ ነበር። ዲዛይነሮች ይወዱታል፣ «ክሊን» ይሉታል። ፀሐይ ላይ ስልክ ይዞ ለቆመ ሰው ግን ጭራሽ አይታይም። 767676 ወደሚባለው ጠቆር ያለ ግራጫ ስቀይረው 4.54 ሆኖ ለጥቂት አለፈ። በነገራችን ላይ ይህ ልክ ዝቅተኛው ነው። የእኛ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ በተለይ ትንሽ ሲሆን «ሕ» እና «ሐ» መለየት ስለሚያስቸግር፣ እኔ ለአማርኛ ጽሑፍ ከዚያ በላይ አጠቁረዋለሁ።

ሦስት፦ ማስተካከያ ፋይሉ

ፎልደሩ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር፣ ከነጥቡ ቀጥሎ የመሣሪያው ስም ያለ ሰረዝ የተጻፈበት ፋይል ፍጠሩ። ይዘቱ ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ነው። «ዲፎልትስ» በሚለው ሥር አራት ነገር በቂ ነው።

«ስታንዳርድ» ላይ የዊካግ 2 ደብል ኤን ስም በትልልቅ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ስጡት። «ራነርስ» ላይ አክስ እና ኤችቲኤምኤልሲኤስ የሚባሉትን ሁለቱንም አስገቡ፤ ሁለት የተለያዩ ፈታሾች ናቸው፣ አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዛል። አንዳንዴ ያንኑ ስህተት ሁለቴ ይነግሯችኋል፣ ቻሉት። «ታይምአውት»ን 60000 አድርጉት፣ ይህ በሚሊሰከንድ ነው፣ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። ከርካሽ ሆስቲንግ ላይ ለሚመጣ ገጽ ከዚያ ማነስ የለበትም። «ኮንከረንሲ»ን 1 አድርጉት፣ አንድ በአንድ እንዲከፍት። ስምንት ገጽ በአንዴ ከፍቶ የደንበኛን ሰርቨር የጣለ ሰው ለደንበኛው የሚለው ነገር የለውም።

አራት፦ ገጾቹን ከየት ያመጣል?

ቀላሉ መንገድ ሳይትማፕ ነው፤ የዌብሳይቱን ገጾች አድራሻ የሚዘረዝር ፋይል ማለት ነው። ዌብሳይታችሁ በዎርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ ከ5.5 ቅጂ ጀምሮ በራሱ ይሠራላችኋል፤ ከአድራሻችሁ ቀጥሎ «ደብሊውፒ ሰረዝ ሳይትማፕ ነጥብ ኤክስኤምኤል» ብላችሁ ክፈቱት። ለመሣሪያው «ሰረዝ ሰረዝ ሳይትማፕ» ብላችሁ ይህን አድራሻ ስትሰጡት ዝርዝሩን ራሱ ያነባል። የማትፈልጉትን ክፍል ደግሞ «ሳይትማፕ ኤክስክሉድ» በሚለው ታስወጣላችሁ።

ሳይትማፕ ከሌለ ሊንክ እየተከተለ የሚሄድ ትንሽ ስክሪፕት መጻፍ ነው። አመክንዮው ከ40 መስመር አይበልጥም። ሁለት ዝርዝር ያዙ፦ ገና ያልታዩ እና የታዩ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ፣ ውስጡ ያሉትን ሊንኮች ሰብስቡ፣ የራሳችሁ ዶሜይን ያልሆነውን ጣሉ፣ ከሀሽ ምልክት በኋላ ያለውን ቁረጡ፣ መጨረሻው ላይ ስላሽ ያለውንና የሌለውን አንድ አድርጉ፣ ያልታየ ከሆነ ወረፋ ላይ ጨምሩ፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ ቀጥሉ። ፓፔቲር የሚባለው ክሮምን የሚነዳው ላይብረሪ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ስለገባ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከልባችሁ ያዙልኝ፦ የገጽ ጣሪያ አስቀምጡ። 500 በሉት። እኔ ሳላስቀምጥ ተኛሁ። ዌብሳይቱ ላይ የዝግጅቶች ካሌንደር ነበር፣ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ «ቀጣይ ወር» የሚል ሊንክ ያለው። ክራውለሩ «ቀጣይ ወር»ን እየተጫነ ሌሊቱን ሙሉ ነጎደ። ጠዋት ስነሳ 2847 ዓ.ም. ደርሶ ጳጉሜን እየፈተሸ ነበር።

የሰው ዌብሳይት ላይ ያለ ፈቃድ አትልቀቁት፣ ዌብሳይቱ ለክራውለሮች «እዚህ አትግቡ» የሚልበትን የሮቦትስ ፋይልም አክብሩ። በአድሚን አካውንት ገብቶ ደግሞ በጭራሽ እንዳይዞር። ክራውለር ያገኘውን ሊንክ ሁሉ ይከፍታል፣ «ሰርዝ» የሚለውም ሊንክ ነው። ከመግቢያ በስተጀርባ ያለ ገጽ መፈተሽ ካለበት ምንም ሥልጣን የሌለው የሙከራ አካውንት ክፈቱና ማስተካከያ ፋይሉ ላይ «አክሽንስ» በሚለው ሥር «ይህን ሳጥን ሙላ፣ ይህን በተን ተጫን፣ ይህ ገጽ እስኪመጣ ጠብቅ» የሚሉ ደረጃዎች ጻፉለት። ለተመረጡ ገጾች ብቻ።

አምስት፦ የመጀመሪያው ሪፖርት ሲመጣ

ትደነግጣላችሁ። እኔ 3000 ምናምን ስህተት ነው የመጣልኝ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ የገባኝ ነገር 3000 ስህተት የሚባል ነገር እንደሌለ ነው። ከላይ ሄደሩ ላይ ያለችው የፍለጋ በተን የአጉሊ መነጽር ሥዕል ብቻ ናት፣ ስም የላትም። እሷ በ212 ገጽ ላይ አለች፣ ስለዚህ 212 ጊዜ ተቆጠረች። ከታች ፉተሩ ላይ የቴሌግራምና የፌስቡክ ምልክቶች አሉ፣ እነሱም ባዶ ሊንክ ናቸው፣ እነሱም ሁለት ጊዜ 212። ሦስት ቦታ ስነካ ከ600 በላይ ስህተት ጠፋ።

ስለዚህ ሪፖርቱን ከላይ ወደ ታች አታንብቡት። «ሰረዝ ሰረዝ ጄሰን» ብላችሁ ወደ ፋይል አውጡት፣ በስህተቱ ኮድና በቦታው ሰብስቡት፣ ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሩት። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ገጾቹ ሁሉ በሚጋሩት ቅርጽ፣ በቴምፕሌቱ ውስጥ ያሉ ናቸው። እነሱን ጨርሱ፣ እንደገና አስፈትሹ። የሚቀረው በየገጹ ያለ የይዘት ስህተት ነው፣ እሱ ደግሞ የኮድ ጸሐፊ ሳይሆን የይዘት ጸሐፊ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፎርም ሳጥን ውስጥ በፈዘዘ ቀለም «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ብሎ መጻፍ ስም መስጠት አይደለም። መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። «ሌብል» የሚለውን ታግ ተጠቀሙና «ፎር» በሚለው ከሳጥኑ መለያ ጋር አያይዙት። ጓደኛዬን ያስጨነቀው ይኸው አለመያያዝ ነበር።

ስድስት፦ አማርኛ ገጽ ላይ ማሽኑ የማያየው

ብዙው መመሪያ እዚህ አይደርስም፣ ምክንያቱም የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ነው።

ፈታሹ «ገጹ ቋንቋውን ተናግሯል?» ብሎ ይጠይቃል። ኤችቲኤምኤሉ መጀመሪያ ላይ «ላንግ» ብሎ «ኢኤን» ካለ፣ ተናግሯል፣ አለፈ። ከውጭ የተገዛ ቴምፕሌት ሁሉ ግን «ኢኤን» ነው የሚለው፣ ገጹ ከላይ እስከ ታች አማርኛ ሆኖም ቢሆን። ነፃው ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል እንጂ ያነባል። እናንተ ግን «ይህ እንግሊዝኛ ነው» እያላችሁት ነው። ትክክለኛው መለያ «ኤኤም» ነው፣ ለትግርኛ «ቲአይ»፣ ለኦሮምኛ «ኦኤም»።

ይህንን ለመያዝ የራሳችሁን ፍተሻ ጨምሩ። ገጹ ሲከፈት ጽሑፉን ውሰዱ፣ ከፊደላቱ ስንቱ የግዕዝ ፊደል እንደሆነ ቁጠሩ። ዩኒኮድ ውስጥ ዋናው ቦታቸው ከ1200 እስከ 137ኤፍ ነው። ከግማሽ በላይ ሆኖ የገጹ ቋንቋ «ኢኤን» የሚል ከሆነ፣ ስህተት ብላችሁ መዝግቡ። አሥር መስመር ኮድ ናት። በሠራኋቸው የቆዩ ዌብሳይቶች ላይ ስለቃት አንዱም አላለፈም።

ሁለተኛው ጉድ ማስታወቂያ ነው። ታውቁታላችሁ፦ ደብዳቤው ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ዌብሳይቱ ላይ ይለጠፋል። ለስክሪን ሪደር ባዶ ገጽ ነው። ፈታሹ ምስሉ መግለጫ እንዳለው ብቻ ነው የሚያየው፤ መግለጫው «ማስታወቂያ» የምትል አንድ ቃል ከሆነች፣ አለፈ። የጨረታው ቀን፣ የሚያስፈልገው ሰነድ፣ ስልኩ፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ ቀርቷል። ለዚህ የምጠቀመው ዘዴ ጨዋ አይደለም ግን ይሠራል፦ ከሄደርና ፉተር ውጭ ያለው ጽሑፍ ከ100 ፊደል በታች ሆኖ ትልቅ ምስል ያለበትን ገጽ ሁሉ «ሰው ይየው» ብዬ ለብቻው አወጣዋለሁ። መግለጫው የፋይል ስም የሚመስለውን፣ ማለትም መጨረሻው ላይ ነጥብ ጄፔግ ያለውን፣ እንዲሁ።

ሰባት፦ በየሌሊቱ እንዲሠራ

ኮዳችሁ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ዌብሳይት) ላይ ካለ፣ ሥራን በሰዓቱ በራሱ የሚያስኬደው ጊትሀብ አክሽንስ ይበቃችኋል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሪፖዚቶሪ (የኮድ ማስቀመጫ) ላይ ነፃ ነው፣ ዝግ ከሆነ ደግሞ በነፃው አካውንት በወር 2000 ደቂቃ ይሰጣችኋል። ነጥብ ጊትሀብ የሚል ፎልደር ውስጥ፣ ወርክፍሎውስ የሚል ፎልደር ውስጥ የሥራውን ደረጃዎች የሚዘረዝር አንድ ያምል ፋይል አስቀምጡ። ኮዱን ያውጣ፣ ኖድን ይጫን፣ ጥቅሎቹን ይጫን፣ ፍተሻውን ያስኪድ። አራት ደረጃ ነው።

ሰዓቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰዓቱን የሚይዘው ክሮን የሚቆጥረው በዩቲሲ ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ፈለግሁ። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ሦስት ሲቀነስ ባለፈው ቀን 23 ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ 8 ብዬ ጽፌ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ዌብሳይቱ ላይ ባለበት፣ ክራውለሩን ለቅቄዋለሁ። አሁን ያለው «17፣ 23፣ ሦስት ኮከብ» ነው። 17ቷ ደቂቃ ናት፣ ሰዓት ሲሞላ ወረፋ ስለሚበዛ።

ሌላም አለ። ክሮም እዚያ ሰርቨር ላይ «ሳንድቦክስ (ገጾችን ለይቶ የሚያጥር መከላከያ) የለም» ብሎ እምቢ ካላችሁ ማስተካከያ ፋይሉ ላይ በክሮም ማስነሻው ክፍል «ኖ ሳንድቦክስ» የሚለውን ጨምሩ፣ የራሳችሁን ዌብሳይት ብቻ ስለምትከፍቱ ችግር የለውም። ክፍት ሪፖዚቶሪ 60 ቀን ካልተነካ ደግሞ የጊዜ ሰሌዳውን ጊትሀብ ራሱ ያጠፋዋል፣ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው።

ስህተት ስላለ ሁሌ ቀይ መብራት ከበራ ማንም ማየቱን ይተወዋል። ለዚህ «ትሬሾልድ» የሚባል የስህተት ጣሪያ አለ። ዛሬ 340 ስህተት ቀርቶ ከሆነ ልኩን 340 አድርጉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ይውደቅ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ውጤቱን በኢሜይል አትላኩ፣ ማንም አይከፍተውም። የእኛ ቡድን ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ቦት በሚፈጠርበት የቴሌግራም አካውንት፣ ቦትፋዘር ላይ፣ ቦት ፍጠሩ፣ የሚሰጣችሁን ቶክን (የቦቱን የምስጢር ቁልፍ) የጊትሀብ ሴክሬትስ ውስጥ ደብቁት እንጂ ኮዱ ላይ አትጻፉት፣ ከዚያ «ሴንድሜሴጅ» የሚለውን ጥሪ ተጠቀሙ። የምልከው ሦስት መስመር ነው፦ ትናንት ያልነበረ አዲስ ስህተት፣ የተስተካከለ፣ እና ስንት ገጽ እንደታየ።

ሦስተኛዋን መስመር እንዳትዘሏት። አንድ ሰሞን በየቀኑ «ስህተት የለም» የሚል መልእክት እየመጣ ቡድኑ ልብ እየላከ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ጠረጠርኩና የገጾቹን ርዕስ አብሮ እንዲመዘግብ አደረግሁ። ሆስቲንጉ ክራውለሩን ሮቦት ነው ብሎ ጠርጥሮ «እባክዎ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ገጽ እየሰጠው ነበር። ያችኑ አንዲት ገጽ 212 ጊዜ ፈትሾ ነው የተመለሰው። አሁን ከግማሽ በላይ ገጾች አንድ ዓይነት ርዕስ ካላቸው ሌላውን ሳያይ ቀይ ያበራል።